የድርቅ ዓመት ድርሻ ምንድን ነው? የካቬሪ ወንዝ ሙግትና የባንጋሎር ታሚሎች

የድርቅ ዓመት ድርሻ ማለት አንድ ወንዝ የሚጋሩ ወገኖች ዝናብ ሲጎድል ጉድለቱን እንዴት እንደሚካፈሉ አስቀድሞ የሚወስን ቀመር ነው። በፒያሳና በአራት ኪሎ የድሮ ግቢዎች የሚኖር ሰው ነገሩን በደንብ ያውቀዋል፦ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ መጀመሪያ ሁሉም ቤት ጀሪካኑን ይቀዳል፣ በርሜል የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቀድሞ ካልተነጋገሩበት ጠቡ ቧንቧው ሥር ይጀመራል።

በክልሎች መካከል ሲሆን ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው በውሃው ላይ አንዳች ሥልጣን የሌለው ሰው ነው። የሕንዱ ካቬሪ ይህን ያሳያል (ዘመናቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ወንዙ ከካርናታካ ተነሥቶ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በታሚል ናዱ በኩል ባሕር ይገባል። ላይኛው ክልል በብዛት ካንናዳ ይናገራል፣ ታችኛው ታሚል። የካርናታካ ዋና ከተማ ባንጋሎር ግን ለትውልድ የኖሩ ብዙ ታሚሎች አሏት።

ሰኔ 1991 የካቬሪን ሙግት ለመዳኘት የተቋቋመው የውሃ ችሎት ካርናታካ በዓመት 205 ቲኤምሲ እንድትለቅ ጊዜያዊ ትእዛዝ ሰጠ። አንድ ቲኤምሲ 28.3 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ስለሆነ ጠቅላላው 5.8 ቢሊዮን ያህል ነው። የክልሉ መንግሥት ትእዛዙን የሚሽር አዋጅ አወጣ፤ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አዋጁን በኅዳር ውድቅ አደረገው። ታኅሣሥ 11 ቀን ትእዛዙ በመንግሥት ጋዜጣ ታተመ፤ በማግሥቱ ባንጋሎር ውስጥ ጥቃት ተጀመረ። የታሚል ሱቆች፣ ሲኒማ ቤቶችና የድሃ ሠራተኞች ጎጆዎች ተቃጠሉ። ሰው ሞተ፣ ብዙ ሺህ ሰው ወደ ታሚል ናዱ ሸሸ። ከተጠቁት አብዛኞቹ የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ የግድብ በር ከፍተውም ዘግተውም አያውቁም። በቋንቋቸው ብቻ የታችኛው ክልል እንደራሴ ተደርገው ተቆጠሩ።

በመስከረም 2016ም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ዝናብ ጎድሎ ሳለ ፍርድ ቤት በየቀኑ 12,000 ኪዩሴክ (በሰከንድ 340 ሜትር ኪዩብ ገደማ) ይለቀቅ አለ። ባንጋሎር ውስጥ የታሚል ናዱ ታርጋ ያላቸው በርካታ አውቶቡሶች በአንድ ግቢ ቆመው ተቃጠሉ።

ቀመሩ እንዲህ ይሰላል። ከ2018ቱ የመጨረሻ ፍርድ ወዲህ ካርናታካ በመደበኛ ዓመት 177.25 ቲኤምሲ ትለቃለች፣ በየወሩ ተከፋፍሎ፦ ሐምሌ 31.24፣ ነሐሴ 45.95፣ መስከረም 36.76። በአራቱ የካርናታካ ግድቦች (ክሪሽና ራጃ ሳጋር፣ ካቢኒ፣ ሃራንጊ፣ ሄማቫቲ) የገባው ውሃ ከመደበኛው በስንት መቶኛ እንዳነሰ ይለካል፤ ያው መቶኛ ከወሩ ድርሻ ይቀነሳል። ጉድለቱ 50 በመቶ ከሆነ የነሐሴው 45.95 ወደ 23 ገደማ ይወርዳል።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ጊዜው ነው። የታሚል ናዱ ገበሬ ለመጀመሪያው የሩዝ ወቅት ውሃ የሚፈልገው በሰኔ ነው፤ የካርናታካ ግድብ የሚሞላው ግን ከዚያ በኋላ። በጥቅምት ታሚል ናዱ ሌላ የራሷ ዝናብ ይመጣላታል፤ ላይኛው ክልልም "ትንሽ ጠብቁ" ይላል። ዘግይቶ የመጣ ውሃ በወረቀት ድርሻውን ቢሞላም የደረቀውን ችግኝ አይመልስም። ከዚህም በላይ ቀመሩ በፍርዱ ውስጥ ተጽፎ አልተዘጋም፤ የውሃ አለቃቀቁን በሚቆጣጠረው አካል ስብሰባ በየደረቁ ዓመት እንደገና ይከራከሩበታል። ለእኔ ትልቁ ክፍተት ይህ ነው፤ ፖለቲከኛ እያንዳንዱን ውሳኔ "ተሸነፍን" ብሎ ለሕዝብ ለማቅረብ ዕድል ያገኛልና።

በ2023 ዝናብ ሲጎድል ካርናታካ እንድትለቅ የታዘዘችው ውሃ ወደ 5,000 ኪዩሴክ ወረደ። መስከረም 26 ባንጋሎር፣ መስከረም 29 መላው ካርናታካ ሥራ አቆመ። ፖሊስ ግን አስቀድሞ የሕዝብ መሰብሰብን ከልክሎ ነበር፤ የ1991ዱ ዓይነት ጥቃት አልተደገመም።