የመሃል አዲስ አበባ ምድር ቤቶች፦ የግድግዳ እርጥበትና ሽፋን

በመሃል አዲስ አበባ ምድር ቤት፣ በግንበኛው አፍ ቤዝመንት፣ ለመኪና ማቆሚያ ወይም ለዕቃ ማከማቻ ተብሎ ይቆፈርና ውሎ አድሮ ማተሚያ ቤት፣ ጂም ወይም ሬስቶራንት ሆኖ ይገኛል። የእርጥበት ጉዳይ የሚነሳው ያኔ ነው፤ መኪና ሻጋታ አይሸተውም።

ከተማዋ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ የምትወርድ ተዳፋት ናት። በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ከሚጠጋው ዝናቧ አብዛኛው በክረምት ይወርዳል። ወደ አፈር የሰረገው ውሃ ቁልቁል ሲጓዝ በዳገቱ በኩል ካለው የሕንጻው ግድግዳ ጋር ይጋጠማል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቀድሞ የሚያዣው ብዙ ጊዜ ይኸው ወገን ነው። ከጀርባው 3 ሜትር ውሃ ከተጠራቀመ ግርጌው በካሬ ሜትር 3 ቶን ያህል ይገፋል። ይህን ግፊት ቀለም አይመልሰውም።

ትክክለኛው ሥራ ከውጭ ይጀምራል። አፈሩ ከመመለሱ በፊት የግድግዳው ጀርባ ሜምብሬን በሚባል ውሃ የማያሳልፍ የሬንጅ ንጣፍ ይለበጣል፣ አጠገቡ ጠጠር ይሞላል፣ ከግርጌው ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይቀበራል፤ ውሃው በዚያ አድርጎ ወደ ፓምፕ ጉድጓድ ይሄዳል። የመሃል ከተማ ችግር ግን ቦታ ነው። ቁፋሮው እስከ ጎረቤት ድንበር ስለሚደርስ ከግድግዳው ውጭ ሠራተኛ የሚቆምበት ስንዝር አይተርፍም። ሜምብሬኑ ያኔ አርማታው ከመፍሰሱ በፊት በአፈሩ በኩል ካልተዘረጋ የሚቀረው ከውስጥ የሚቀባ ሲሚንቶ ነክ መከላከያ ነው። እሱም ክፍሉን ያደርቃል እንጂ አርማታውንና ፌሮውን ከውሃ አያወጣም። ወለልና ግድግዳ የሚጋጠሙበት መስመርና ቱቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ ደግሞ ዋነኞቹ መግቢያዎች ናቸው።

እርጥበት ሁሉ ግን ከአፈር አይመጣም። ጥልቅ አፈር የከተማዋን የዓመት አማካይ ሙቀት፣ ወደ 16 ዲግሪ ገደማ፣ ይዞ ይቆያል፤ ግድግዳውም እንዲሁ። ሰው የሞላበት ጂም አየሩ 22 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 75 በመቶ ቢሆን 17 ዲግሪ ላይ ጤዛ ይጀምራል፤ ግድግዳው ያልባል። ሁለቱን ለመለየት ክንድ የሚያህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎ ለሁለት ቀን መተው ይበቃል። ጠብታው በላስቲኩና በግድግዳው መካከል ከታየ ውሃው ከጀርባ ነው፤ በክፍሉ በኩል ከታየ ላብ ነው።

ለላቡ ነው ኢንሱሌሽን፣ ማለትም የክፍሉን ሞቃት አየር ከቀዝቃዛው ግድግዳ የሚለይ ሽፋን፣ የሚያስፈልገው። ማሞቂያ በማናውቅበት ከተማ ቃሉ እንግዳ ቢመስልም ሥራው ቀላል ነው፦ ውሃ የማይመጥ ጠጣር ፎም ክፍተት ሳይተው ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ ጂፕሰሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በእኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ የሚደረገው በረጠበው ግድግዳ ፊት የእንጨት ፍሬም አቁሞ በቺፕውድ ወይም በጂፕሰም ቦርድ መሸፈን ነው። ለምረቃው ቀን ያምራል፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና ግን ክረምቱ ሲገባ ቀለሙ ያብጣል። አንዱን ቦርድ ነቅሎ ያየ ሰው የሚያገኘው ይታወቃል፦ በልስኑ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ጨው፣ በቦርዱ ጀርባ ጥቁር የሻጋታ ነጠብጣብ፣ የበሰበሰ የፍሬም እግር። ማተሚያ ቤት ከሆነ በግድግዳው ጥግ የተደረደረው ወረቀት ጠርዙ ይሞገዳል፣ ማሽኑም ይነክሰዋል።

የፒያሳ አሮጌ የድንጋይ ቤቶች ጉዳያቸው ይለያል። በኖራ የተገነባ ግንብ ውሃ ስቦ መልሶ ይተነፍሳል፤ በሲሚንቶ ሲለሰን ትንፋሹ ይዘጋና እርጥበቱ ወደ ላይ ይወጣል። ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል። እንዲህ ካሉ ቤቶች አንዳንዶቹ ከመንገዱ ጠርዝ ከፍ ብሎ በፍርግርግ የተዘጋ ትንሽ መስኮት አላቸው፤ አየር ማስገቢያ ነው። ምድር ቤቱን ለሱቅ የተከራየ ሰው ብዙውን ጊዜ መደርደሪያውን የሚያቆመው እሱኑ ደፍኖ ነው።