አህጉራዊው ጦር፦ ከቦስተን ከበባ እስከ ቫሊ ፎርጅ

አህጉራዊው ጦር በሰሜን አሜሪካ የነበሩት 13ቱ የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች የንጉሡን መንግሥት ለመውጋት በጋራ ያቆሙት ሠራዊት ነው። በኤፕሪል 1775 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሌክሲንግተንና በኮንኮርድ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ ከኒው ኢንግላንድ መንደሮች የተመመው የገበሬና የእጅ ባለሙያ ሚሊሻ ቦስተን ውስጥ የነበረውን የእንግሊዝ ጦር ከበበ። ፊላደልፊያ ላይ የተሰበሰበው ሁለተኛው አህጉራዊ ኮንግረስ ጁን 14 ቀን የጋራ ጦር እንዲቋቋም ወሰነ፤ በማግስቱም ቨርጂኒያዊውን ጆርጅ ዋሽንግተንን ዋና አዛዥ አድርጎ ሾማቸው።

የዚህን ጦር የመጀመሪያ ዓመታት ለመረዳት ከውጊያዎቹ አስቀድሞ አደረጃጀቱን መመልከት ይበጃል፤ ለመፍረስ ይበልጥ ያቀረበው የጠላት ጥይት ሳይሆን የራሱ የቅጥር ውል ነበርና። ኮንግረሱ ግብር የማስከፈል ሥልጣን ስላልነበረው ለስንቅ፣ ለልብስና ለደመወዝ የሚያስፈልገውን ከየቅኝ ግዛቱ ይጠይቃል፤ ሲያጣም ዋጋው እየወረደ የሚሄድ የወረቀት ገንዘብ ያትማል። ቋሚ ጦር ለነፃነት ጠንቅ ነው የሚለው ሥር የሰደደ ስጋት ደግሞ ወታደሩ ለአጭር ጊዜ ብቻ እንዲቀጠር አድርጓል። የ1775ቱ ወታደር ግዴታ ከዓመቱ መጨረሻ የማያልፍ በመሆኑ፣ ዋሽንግተን እዚያው ጠላት አፍንጫ ሥር ሆነው አንዱን ጦር እያሰናበቱ ሌላውን መቅጠር ነበረባቸው።

በኦገስት 1775 የባሩዱ ክምችት ሲቆጠር ለአንድ ሰው ከዘጠኝ ተኩስ የማይበልጥ ሆኖ ተገኘ። በጊዜው በጦሩ ውስጥ የነበሩት ጄኔራል ጆን ሱሊቫን እንደጻፉት፣ ዋና አዛዡ ይህን ሲሰሙ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቃል አልተነፈሱም። ከበባውን ለፍሬ ያበቃው የ25 ዓመቱ መጽሐፍ ሻጭ ሄንሪ ኖክስ ነው፤ ከታይኮንዴሮጋ ምሽግ ወደ 60 ቶን የሚመዝኑ መድፎችን በክረምቱ በረዶ ላይ በበሬና በፈረስ አስጎትቶ አመጣ። መድፎቹ ዶርቼስተር ኮረብታ ላይ በተጠመዱ ጊዜ እንግሊዞች ማርች 17 ቀን 1776 ቦስተንን ለቀው በመርከብ ወጡ።

ደስታው አልዘለቀም። ካናዳን ለመያዝ የዘመተው ጦር አዛዡን ሪቻርድ ሞንትጎመሪን ኩቤክ ላይ አጥቶ፣ ከዚያም በፈንጣጣ ተመትቶ ተመለሰ። በኒውዮርክ ደግሞ ጄኔራል ዊሊያም ሃው ከ30 ሺህ በላይ ወታደር አሰልፈው ኦገስት 27 ቀን በሎንግ አይላንድ ድል አደረጉ። ወደ 9,000 የሚጠጋው የተሸነፈ ጦር ከመማረክ የተረፈው፣ የማሳቹሴትስ ዓሣ አጥማጆች ሌሊቱን በጀልባ ሲያመላልሱት አድረው፣ ጎሕ ሲቀድም ጭጋግ ስለጋረደው ነው። በኖቬምበር ፎርት ዋሽንግተን ከ2,800 ገደማ ምርኮኞች ጋር ወደቀ፤ የቀረው ጦርም ኒው ጀርሲን እያቋረጠ ሸሸ።

በዲሴምበር 25 ሌሊት ዋሽንግተን 2,400 ሰው ይዘው በረዶ የሚንሳፈፍበትን የደላዌር ወንዝ ተሻገሩ፤ ትሬንተን ላይም ወደ 900 የሚሆኑ ሄሲያን የተባሉ ጀርመናውያን ቅጥረኞችን ማረኩ። የሚበዛው ወታደር ውል ግን በዓመቱ መጨረሻ ያበቃ ነበር። ከስድስት ሳምንት በላይ ለማይሆን ጊዜ ለሚቆይ ሁሉ 10 ዶላር እንደሚሰጥ ተነግሮ ከበሮ ሲመታ፣ ከአንድ ሬጅመንት አንድም ሰው ወደ ፊት አልወጣም። ዋሽንግተን ፈረሳቸውን መልሰው፣ ድካማቸውን እንደሚያውቁ፣ አገሪቱ ግን ከእነሱ ሌላ እንደሌላት በልመና ቃል ነገሯቸው። ከበሮው ዳግም ሲመታ ጥቂቶች ወጡ፤ ከዚያም አቅም ያለው ሁሉ ማለት ይቻላል ተከተለ። ጃንዋሪ 3 ቀን 1777 ፕሪንስተን ላይ የተገኘው ድል ያለ እነዚህ ሰዎች አይታሰብም።

በዚያው ክረምት ዋሽንግተን ጦሩ በሙሉ የፈንጣጣ መግል በቁስል እየተቀባ እንዲከተብ አዘዙ። ዘዴው በኢትዮጵያ ገጠርም ይታወቅ የነበረ ነው፤ በእኔ ግምት ይህ ትእዛዝ ከማንኛውም ውጊያ ያላነሰ ዋጋ አለው።

ከዲሴምበር 19 ቀን 1777 ጀምሮ ወደ 12 ሺህ የሚጠጋ ሰው፣ እንግሊዞች ከያዟት ከፊላደልፊያ ብዙም በማይርቀው በቫሊ ፎርጅ ለክረምቱ ሰፈረ። ወታደሮቹ 14 በ16 ጫማ የሆኑ የግንድ ጎጆዎችን ሠርተው አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሆነው አደሩባቸው፤ ሥጋ ሲጠፋም ዱቄት በውሃ ለውሰው እሳት ላይ የጋገሩትን ቂጣ በሉ። ዋሽንግተን በዚያው ወር ለኮንግረሱ በጻፉት ደብዳቤ 2,898 ሰዎች ጫማና ልብስ አጥተው ለግዳጅ እንደማይበቁ አስታወቁ። ወደ 2,000 የሚጠጉት በተስቦ፣ በተቅማጥና በመሳሰሉት በሽታዎች ሞቱ። በጎኑ ያለው ገበሬ እህሉን በጥሬ ገንዘብ ለእንግሊዞች ሲሸጥ ወታደሩ መራቡ እጅግ ያሳዝናል።

በፌብሩዋሪ 1778 የደረሱት ፕሩሲያዊው መኮንን ፍሪድሪክ ፎን ሽቶይበን እንግሊዝኛ ባይችሉም አንድ አርአያ የሚሆን ቡድን ራሳቸው እያሠለጠኑ፣ ሰልፉን፣ የጠመንጃ አጎራረሱንና የሳንጃ አያያዙን በእርሱ በኩል ለጦሩ አዳረሱ። ናትናኤል ግሪን የስንቅና ትጥቅ ኃላፊ ሲሆኑም መንገዱና ጋሪው ተስተካከለ። ጁን 28 ቀን በሞንማውዝ፣ በሚያቃጥል ሙቀት፣ ይህ ጦር ከእንግሊዝ መደበኛ ሠራዊት ጋር ፊት ለፊት ተታኩሶ ሳይበተን ዋለ፤ እንግሊዞች በሌሊት ሲያፈገፍጉ እሱ በውጊያው ሜዳ ላይ አደረ።