በረጅም ርቀት የፈረስ ግልቢያ ጽናት የሚባለው ምንድን ነው?

በረጅም ርቀት የፈረስ ግልቢያ ስፖርት ጽናት የሚመዘነው አንድ ፈረስ ሳይቀየር ጋላቢውን ተሸክሞ ረጅም ጎዳና ከጨረሰ በኋላ በሚገኝበት የጤና ሁኔታ ነው። ርቀት ብቻውን አይበቃም፤ 160 ኪሎ ሜትር ተጉዞ እያነከሰ የገባ ፈረስ በመዝገብ ላይ አልጨረሰም ተብሎ ይጻፋል።

የርቀቱ ወለል እንደየማኅበሩ ይለያያል። በ1972 የተቋቋመው የአሜሪካ የጽናት ግልቢያ ማኅበር ከ80 ኪሎ ሜትር በታች ያለውን «ውስን ርቀት» ብሎ በሌላ መደብ ያስቀምጠዋል። ለ80 ኪሎ ሜትር 12 ሰዓት፣ ለ160 ኪሎ ሜትር 24 ሰዓት ይሰጣል፤ የዕረፍት ጊዜውም የሚታሰበው በዚሁ ውስጥ ነው። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደግሞ በኮከብ የሚመድባቸው ዓለም አቀፍ ውድድሮች ከ100 ኪሎ ሜትር ይጀምራሉ፤ ከፍተኛው የሦስት ኮከብ ደረጃ በአንድ ቀን ከ140 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ነው።

የስፖርቱ መነሻ ከጦር ሠራዊት ጋር የተያያዘ ነው። በ1892 የጀርመንና የኦስትሪያ-ሀንጋሪ መኮንኖች በበርሊንና በቪየና መካከል 580 ኪሎ ሜትር ያህል ጋለቡ። አሸናፊው ካውንት ሽታርሄምበርግ ከ71 ሰዓት በላይ ወስዶበት ገባ፤ ፈረሱ ግን ብዙም ሳይቆይ ሞተ። በዛሬው ሕግ ቢዳኝ ኖሮ ዋንጫው የእርሱ አይሆንም ነበር። ከ1919 ጀምሮ በአሜሪካ በተካሄዱት የፈረሰኛ ጦር ፈተናዎች ፈረሶች በአምስት ቀን 480 ኪሎ ሜትር ያህል ከባድ ጭነት ተሸክመው ይጓዙ ነበር፤ የዐረብ ዝርያ ዝናውን ካገኘባቸው መድረኮች አንዱም ይኸው ነው።

ስፖርቱን ዛሬ ያለውን መልክ ያስያዘው ግን የካሊፎርኒያው ቴቪስ ዋንጫ ነው። ዌንደል ሮቢ የተባለ የኦበርን ነዋሪ በ1955 የዘመኑ ፈረስ 100 ማይል (160 ኪሎ ሜትር) በአንድ ቀን መጓዝ አይችልም ለሚሉት መልስ ለመስጠት ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ከታሆ ሐይቅ አካባቢ ተነሥቶ የሴራ ኔቫዳን ተራሮች አቋርጦ ኦበርን ገባ። ግልቢያው ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የሚጠበቅ ሆኗል። ጋላቢዎች ገና ጎሕ ሳይቀድ ይነሣሉ፣ እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ በሚያፍን ጥልቅ ሸለቆ ይወርዳሉ፣ ብዙዎቹም አሜሪካን የተባለውን ወንዝ የሚሻገሩት በጨለማ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ጤነኛ ፈረስ ይዞ የገባ ሁሉ፣ መጨረሻ የገባውም ጭምር፣ የብር የቀበቶ ዘለበት ይሸለማል። ከመጀመሪያዎቹ አሥር ፈረሶች መካከል በተሻለ አቋም ላይ ለሚገኘው ደግሞ ሀጊን የተባለ ሌላ ዋንጫ አለ፤ ስለ ስፖርቱ ጠባይ ከዋናው ዋንጫ ይልቅ ይህኛው ይናገራል። አውስትራሊያ በ1966 ቶም ክዊልቲ የተባለውን የ160 ኪሎ ሜትር ግልቢያ ጀመረች። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ1978 ስፖርቱን ተቀበለው፤ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1986 ሮም ላይ ተካሄደ።

ፍርዱ የሚሰጠው በእንስሳት ሐኪሞች ጣቢያ ነው። ጎዳናው በዙሮች ይከፋፈላል፤ በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ የፈረሱ የልብ ምት በፌዴሬሽኑ ሕግ በደቂቃ ወደ 64 መውረድ አለበት። ከመጨረሻው ዙር በቀር የዙሩ ሰዓት የሚቆመው ፈረሱ መስመሩን ሲያልፍ ሳይሆን ለምርመራ ሲቀርብ በመሆኑ፣ ረዳቶች ኮርቻውን አውርደው አንገቱና ደረቱ ላይ ውኃ ለማፍሰስ ይሯሯጣሉ። ሐኪሙ የአንገቱን ቆዳ ቆንጥጦ ይለቃል፤ ቆዳው ተመልሶ ለመተኛት ከዘገየ ፈረሱ ውኃ አጥሮታል ማለት ነው። ድዱን ተጭኖ ደሙ እስኪመለስ ይቆጥራል፤ የአንጀቱንም ድምፅ ያዳምጣል፤ ዝም ያለ አንጀት መጥፎ ምልክት ነው። በመጨረሻም ፈረሱ በሶምሶማ 38 ሜትር ያህል ሄዶ ይመለሳል፤ ሶምሶማው ከተጀመረ ከአንድ ደቂቃ በኋላ የልብ ምቱ እንደገና ይለካል። ከመጀመሪያው ልኬት ጎልቶ ከጨመረ ድካሙ ወይም ሕመሙ ገና አልወጣለትም።

ከዚህ ትርጉም ውጭ የሚወድቁ ረጅም ግልቢያዎችም አሉ። ከ2009 ጀምሮ በሞንጎሊያ የሚካሄደው የ1,000 ኪሎ ሜትር ደርቢ ፈረስ በየ40 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ስለሚቀየርበት የሚፈትነው ሰውን ነው። በተወሰነ የሰዓት ክልል መድረስን የሚጠይቁትና ነጥብ በዳኛ የሚሰጥባቸው ግልቢያዎችም ዘመድ እንጂ ይኸው ስፖርት አይደሉም።

ትልቁ ክርክር ፍጥነት ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጠፍጣፋ የአሸዋ መስኮች ውድድሩ ወደ ሽቅድምድም ማዘንበሉን ብዙ ነባር ጋላቢዎች ይናገራሉ፤ ሌሎች ደግሞ ፈጣን ፈረስም ምርመራውን እስካለፈ ድረስ ጽኑ ነው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ፌዴሬሽኑ በ2015 የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶችን ብሔራዊ ፌዴሬሽን በፈረሶች ደኅንነትና በደንብ ጥሰት ጉዳይ አግዷል፤ የ2016ቱም የዓለም ሻምፒዮና ከዱባይ ተነሥቶ ስሎቫኪያ ውስጥ ተካሂዷል። በ2018 በአሜሪካ ትራዮን የተጀመረው ሻምፒዮና ደግሞ በሙቀትና በእርጥበት ምክንያት ሳያልቅ ተሰርዟል። እዚያው ኤምሬቶች ውስጥ፣ አቡ ዳቢ በሚገኘው የቡጢብ የጽናት ግልቢያ መንደር፣ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ መጋለብን የሚከለክል ደንብ ተሞክሮ ብዙ ፈረሶች ጤነኛ ሆነው ሲጨርሱ ታይተዋል።