የጄ-1 የመምህራን ቪዛ፦ የቱ «ሁለት ዓመት»?

አሜሪካ ሄደው ለማስተማር በጄ-1 (የልውውጥ ፕሮግራም) ቪዛ የሚያመለክቱ መምህራን «ስንጨርስ ሁለት ዓመት አገር ቤት መቀመጥ ግዴታ ነው አሉ» እያሉ ሲጨነቁ እሰማለሁ። እውነታው ሁለት ደንቦች ስለሚምታቱ ነው።

አንደኛው ቀላል ነው። ፕሮግራሙን የጨረሰ መምህር (3 ዓመት ነው፣ ከተራዘመ እስከ 5) እንደገና በዚያው ፕሮግራም ለመግባት 2 ዓመት ከአሜሪካ ውጭ መኖር አለበት። የትም ቢኖር ችግር የለውም።

የሚከብደው 212(ኢ) የሚባለው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ ነው። ይህ ሁሉንም አይነካም፤ በመንግሥት ገንዘብ የሄደን ወይም ሙያው ለአገሩ ያስፈልጋል ተብሎ በዝርዝር የተያዘን ሰው ግን ይነካል። እንዲህ ያለ ሰው፣ ግዴታው ካልተነሳለት በቀር፣ 2 ዓመቱን በገዛ አገሩ ሳይጨርስ ግሪን ካርድም የኤች-1ቢ የሥራ ቪዛም አያገኝም። ኢትዮጵያዊ ከሆነ፣ ዱባይ የከረመበት ጊዜ አይቆጠርለትም። ለጉብኝት ወደ አሜሪካ መመለስን ግን ይህ ደንብ አይከለክልም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያለአግባብ ይፈራል።

ለጄ-1 ቪዛ ማመልከቻ ከፕሮግራሙ አዘጋጅ የሚሰጣችሁን ዲኤስ-2019 ቅጽ ከታች በግራ በኩል እዩት፤ ደንቡ ይመለከታችሁ እንደሆነ ምልክት የሚደረግበት ሳጥን እዚያ አለ። ቪዛው ላይም ብዙ ጊዜ ይጻፋል። ፓስፖርቱን እንደተቀበላችሁ፣ ሻንጣ ከማዘጋጀታችሁ በፊት አንብቡት።