የኋላ አክስል ከፍታ የሚለካው መቼ ነው?

ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ውስጥ አዲስ ሻንሲ (መኪናውን የሚሸከመው የብረት አጽም) በተበየደ ቁጥር ይኸው ጥያቄ ይነሳል፦ «የኋላውን ከፍታ ስንት ላድርገው?»

ግራ የሚያጋባው ሁለት ነገር ስለሚቀላቀል ነው። አክስሉ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያገናኘው ብረት፣ ከመሬት ያለውን ከፍታ የሚወስነው ጎማው ነው። ባሌስትራ (በአክስሉና በሻንሲው መሃል የሚታሰረውን ተደራራቢ የብረት ሞላ) ብትቀይሩም አክስሉ ንቅንቅ አይልም። ከፍ ዝቅ የሚለው ሻንሲው ነው።

በምሳሌ እንየው። ጎማው 70 ሳንቲ ሜትር ቁመት አለው እንበል። ግማሹ 35 ነው፤ ክብደት ሲያርፍበት ትንሽ ስለሚረግብ 34 እንያዝ። የአክስሉ ቱቦ ውፍረት 8 ከሆነ አናቱ 38 ላይ ነው። በላዩ የሚያልፈው የሻንሲ ሆድ 46 ላይ እንዲቆም ከፈለጋችሁ መሃል ላይ 8 ይተርፋል። አክስሉ ሻንሲውን እንዳይመታ የሚታሰረው ላስቲክ 2 ከወሰደ፣ መኪናው ሲነጥር የሚጫወትበት 6 ብቻ ነው። ለአስፋልት ምንም አይልም። አራት ኩንታል ጤፍ ጭኖ ኮረኮንች ለሚወጣ ግን ጠባብ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ሻንሲውን ወደ ላይ ማጉበጥ ይሻላል።

ሌላው ጣጣ ባዶ ሻንሲ ላይ ባሌስትራ አስሮ መለካት ነው። ሞተርና ቦዲ ሲጫንበት ይወርዳላ! ስለዚህ ስትበይዱ ባሌስትራውን ተዉት። በክፍተቱ ልክ የተቆረጠ ብረት መሃል ላይ አስገቡ፣ በውሃ ልክ አስተካክሉ፣ ከዚያ ነካ ነካ አድርጋችሁ በይዱ። ባሌስትራው ከዚያ በኋላ ይመረጣል፤ ሙሉ ክብደት ተሸክሞ እዚያው 8 ላይ የሚቆመውን።

ስሌቱ አይለወጥም። የክፍተቱ መጠን ግን እንደ ጭነቱና እንደ መንገዱ ይለያያል። ከደጀን አባይ በረሃ የሚመላለስ ፒክአፕና ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ የሚውል መኪና አንድ ልክ አይሆንላቸውም።