የት ልቁም? እንግዳ ሰው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ እንግዳ ተቀብሎ የሚያስቀምጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የለም። ይህን እንደ መናቅ የሚቆጥር አለ፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ቅጽሩ ክፍት ነው፣ የገባን ሰው «ለምን መጣህ?» የሚለው የለም፣ ቦታውን ግን ራሱ ያገኛል ተብሎ ይታሰባል። ከሌላ አጥቢያ የተዛወረ ምእመንም ሆነ ለወዳጁ ተክሊል ወይም ለጎረቤቱ ፍትሐት የመጣ የሌላ እምነት ተከታይ፣ ሃይማኖቱን ሊማር የሚሻም ሆነ አገር ጎብኚ መጀመሪያ የሚቸግረው ይኸው ነው፦ የት ልቁም?

ሕንጻው ክብ ይሁን ሞላላ ወይም ከዐለት የተፈለፈለ፣ ውስጡ ሦስት ክፍል አለው። የውጭው ቅኔ ማኅሌት ነው፤ ደብተራዎች መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ ይዘው ማኅሌት የሚቆሙበት። ቀጥሎ ቅድስት አለ፤ ቆራቢዎች ቅዱስ ቁርባን የሚቀበሉት በዚያ ነው። ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለው መቅደስ ታቦቱ በመንበሩ ላይ የሚያርፍበት ስለሆነ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር ማንም አይገባም። ፊት ወደ ምሥራቅ ሲዞር ወንዶች በግራ በሰሜን በኩል፣ ሴቶች በቀኝ በደቡብ በኩል ይቆማሉ። ባልና ሚስት አብረው መጥተው በር ላይ የሚለያዩት ለዚህ ነው።

አዲስ ሰው የማይገምተው ነገር ግቢውም ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ነው። ከዛፍ ሥር ወይም ከግንቡ ሥር ቆሞ የሚያስቀድስ ሰው ውስጥ ካለው ያላነሰ አስቀዳሽ ነው። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት፣ ወንድ ወልዳ 40 ቀን ወይም ሴት ወልዳ 80 ቀን ያልሞላት እናት፣ በዋዜማው ከትዳር ጓደኛው ጋር የተኛ ሰው በልማዱ ወደ ውስጥ አይዘልቁም፤ ውጭ ቆመው ይጸልያሉ። ስለዚህ ውጭ የቆመን ሰው ምክንያቱን መጠየቅ ነውር ነው። ለእንግዳም ግቢው ከሁሉ የሚሻለው ቦታ ነው፤ ሁሉን ያያል፣ ሲደክመው ይቀመጣል፣ ማንንም አያውክም።

ግቢው ውስጥ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ኅብስቱ የሚዘጋጅበት ቤተልሔም ለብቻው የተሠራ ትንሽ ቤት ሲሆን ብዙ ጊዜ ከሕንጻው በስተምሥራቅ ይገኛል። ልዑካኑ፣ ማለትም የሚቀድሱት ካህናትና ዲያቆናት፣ ኅብስቱን ይዘው፣ ጃንጥላ ተዘርግቶላቸው፣ ቃጭል እየተመታ ከዚያ ወደ መቅደስ ያልፋሉ። ጥላ ፈልጎ በዚያ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ድንገት ሰው ሁሉ በዙሪያው ሲሰግድ ብቻውን መሐል ላይ ይቀራል። ቃጭሉ ሲሰማ ወደ ዳር ፈቀቅ ብሎ ጎንበስ ማለት ይበቃል።

ሰዓቱ ሌላ ጣጣ ነው። የእሑድ ቅዳሴ ገና ሲነጋጋ ይጀመርና ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። በጾም ቀን፣ ከቅዳሜና ከእሑድ በቀር፣ እኩለ ቀን ገደማ ገብቶ 9 ሰዓት አካባቢ ያበቃል። የልደትና የትንሣኤ በሌሊት ነው። «12 ሰዓት» ተብሎ የተነገረው የውጭ አገር ሰው እኩለ ቀን ላይ ሲደርስ ግቢው ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። ረጋ ብሎ ለማየት ተራ እሑድ ይመረጣል። ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም በስማቸው የተሠሩት ደብሮች ይጨናነቃሉ፤ ዓመታዊ ንግሥ ከሆነማ መግቢያም አይገኝ።

ነጠላ ግዴታ ባይሆንም ያስከብራል። ሴቶች ራሳቸውን ይሸፍናሉ፣ ቀሚስ ይለብሳሉ፤ ወንዶች ራሳቸውን ገልጠው ነጠላውን በትከሻቸው ላይ በመስቀል ምልክት ያጣፋሉ። ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ ፊት አድርጎ መከናነብ የሐዘን አለባበስ ስለሆነ በሠርግ ቀን እንዲህ ለብሶ የመጣ እንግዳ ዘመድ ያስደነግጣል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። በበዓል ቀን መቶ ጥንድ ጥቁር ጫማ በአንድ ደረጃ ላይ ስለሚከመር ፌስታል ይዞ መምጣትና ጫማን ይዞ መግባት ያዋጣል፤ የሚጠፋውም በክፋት ብቻ አይደለም፣ በመመሳሰልም ነው።

ቅዳሴው በግእዝ ወይም በግእዝና በአማርኛ ይደረጋል፤ ለመቀደስ ቢያንስ ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። ግእዝ የማይሰማ ሰው የዲያቆኑን ጥሪ ከያዘ አይጠፋበትም። «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ለጸሎት ተነሡ ማለቱ ነው፤ ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ይላል። «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» የተቀመጡትን ያስነሣል፣ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ወደ ምሥራቅ ያዞራል። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲል ተሰጥኦው፣ ማለትም የሕዝቡ መልስ፣ «ምስለ መንፈስከ» ነው። መልእክታቱና የሐዋርያት ሥራ ከተነበቡ በኋላ ምስባክ፣ ማለትም ከመዝሙረ ዳዊት የተመረጠ ጥቅስ፣ ይሰበካል፣ ወንጌል ይነበባል። ከዚያ «ጻኡ ንኡሰ ክርስቲያን» ይባላል፤ ገና በመማር ላይ ያሉ፣ ያልተጠመቁ ይውጡ ማለት ነው። ዛሬ ሰው እየለየ የሚያስወጣ ብዙ የለም፤ ሥርዓቱን ማክበር የሚፈልግ ያልተጠመቀ እንግዳ ግን በዚህ ጊዜ ቀስ ብሎ ወደ ግቢ ቢወጣ ደግ አደረገ።

በቆራቢዎች ሰልፍ ውስጥ ባለማወቅ መግባት ከስሕተቶች ሁሉ ከባዱ ነው። የሚቆርበው የተጠመቀ፣ ንስሐ የገባና 18 ሰዓት የጾመ ነው። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ባሉበት መቆየት እንጂ ሕዝቡን መከተል አይገባም። ዲያቆኑ በመጨረሻ «እትዉ በሰላም» ሳይል መውጣትም ያስነውራል፤ ሥጋ ወደሙ ተቀብሎ ነጠላውን አፉ ላይ ያደረገውን ሰው ደግሞ በወሬ መያዝ አያስፈልግም።

ከካህን ጋር ሲገናኙ «አባታችን፣ ይባርኩኝ» ማለት ያስኬዳል። መስቀሉን ካህኑ በግንባር ያስነካል፣ ከዚያ ይሳለሙታል። ያልለመደ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ቢል ማንም አይቀየምም። ባዶ እጅ መምጣትም አያሳፍርም፤ መስጠት የፈለገ ጧፍ፣ ዕጣን ወይም ዘቢብ ያመጣል፣ አለዚያ ገንዘቡን ከሙዳየ ምጽዋት ወይም ከተዘረጋው ጃንጥላ ላይ ያኖራል። ፎቶ ግን ሳይጠይቁ አይነሣም፣ በቅዳሴ ሰዓት ጨርሶ።

በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ አጥቢያዎች ብዙዎቹ ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት በተገዛ ወይም በተከራየ ሕንጻ ያገለግላሉ። አግዳሚ ወንበሩ እንዳለ ነው፤ ሦስቱን ክፍሎች የሚለየው ግንብ ሳይሆን መጋረጃ ነው። ግቢ የሚባል ስለሌለም ውጭ ይቆም የነበረው ሰው ከኋላ ወንበር ወይም ከምድር ቤት አዳራሽ ይቀመጣል። በክረምት ወፍራም ካልሲ ማድረግ አይረሳ።

በአንዳንድ ገዳማት ደግሞ ጥያቄው ከበር በፊት ያልቃል፤ ትግራይ ባለው ደብረ ዳሞና በጣና ሐይቅ ባለው ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም። ደብረ ዳሞ ወንዶቹም ቢሆኑ በገመድ ተጎትተው ነው የሚወጡት።

ተመላልሶ ለመቅረት ያሰበ ሰው በቅዳሴ መሐል ሳይሆን ከስንብት በኋላ ወደ ሰበካ ጉባኤው ቢሮ ይሂድ። ከሌላ አጥቢያ የመጣ ይመዘገባል፣ የንስሐ አባት ይይዛል። መጠመቅ የሚፈልግ አስቀድሞ ይማራል፤ የሚማርበትንም ቀን ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ወይም ከስብከተ ወንጌል ክፍሉ ይነግሩታል።