የስቴት ምክር ቤት አባልነት ምንድን ነው?

የአሜሪካ የምርጫ ወረቀት ረጅም ነው። ከላይ ፕሬዚዳንቱ አሉ፤ ከሥር ሴናተሩና የኮንግረስ እጩው ይከተላሉ። ወረድ ሲሉ ብዙ ሰው ሰምቷቸው የማያውቃቸው ስሞች ይመጣሉ። መራጩ እዚህ ሲደርስ ወይ ፓርቲያቸውን አይቶ ምልክት ያደርጋል፣ ወይ ዘሎ ያልፋል። የስቴት ምክር ቤት እጩዎች ያሉት እዚያ ነው። መንጃ ፈቃድ ለማን ይሰጥ፣ የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ስንት በጀት ያግኝ፣ ለየትኛው ወንጀል ስንት ዓመት ይፈረድ የሚለውን በአብዛኛው የሚወስኑት ግን እነዚህ የተዘለሉት ሰዎች ናቸው።

በአጭሩ፣ ዋሽንግተን ያለው ኮንግረስ ለአገሪቱ ሕግ ያወጣል። ከዚያ ውጭ 50ዎቹ ስቴቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሕግ አውጪ አላቸው። 49ኙ እንደ ኮንግረስ ታችኛና ላይኛ ምክር ቤት አላቸው። ነብራስካ ብቻ ከ1937 ጀምሮ በአንድ ምክር ቤት ትሠራለች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በአገሪቱ ያሉት አባላት ሲደመሩ ከ7,300 ይበልጣሉ። የታችኛው ምክር ቤት አባል በአብዛኛው ስቴት በየሁለት ዓመቱ ይመረጣል፤ የላይኛው ምክር ቤት (የስቴቱ ሴኔት) አባል፣ ማለትም ሴናተሩ፣ ደግሞ ብዙ ቦታ አራት ዓመት ይቆያል።

ደመወዙ ግን ያስገርማል። ኒው ሃምፕሻየር 400 አባላት ያሉት የታችኛ ምክር ቤት አላት፤ ለአንድ አባል የምትከፍለው በዓመት 100 ዶላር ነው። በወር አይደለም፣ በዓመት! ይህ ከ1889 ጀምሮ በስቴቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ የተጻፈ ነው። ቴክሳስ 7,200 ዶላር በዓመት ትከፍላለች፤ ስብሰባ ላይ ለዋሉበት ቀን ደግሞ አበል አለ። መደበኛ ስብሰባዋ በየሁለት ዓመቱ ነው፣ ቢበዛ ለ140 ቀናት። በሌላው ጫፍ ኒውዮርክ 142,000 ዶላር ትከፍላለች፤ ካሊፎርኒያም ከ120,000 በላይ ናት። እዚያ ነገሩ የሙሉ ጊዜ ሥራ ነው።

ደመወዝ አነስተኛ ሲሆን ለግብር ከፋዩ ቁጠባ ይመስላል። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ለአምስት ወር ገደማ "ምክር ቤት ልግባ፣ ሥራዬን ጠብቁልኝ" ቢል የሚሰማው አሠሪ ስንቱ ነው? ስለዚህ ወንበሩ የራሳቸው ቢሮ ላላቸው ጠበቆች፣ ለባለሀብቶችና ለጡረተኞች ይቀላል። ማን ይወዳደር የሚለውን ደመወዙ ከመራጩ በፊት ወስኖታል።

እንዴት ይገባል? ዋናው ነገር ክፍት ወንበር ነው። ወንበሩ ላይ ያለን ሰው ማሸነፍ ከባድ ነው፤ ስሙ ይታወቃል፣ ገንዘብም ቶሎ ያገኛል። ብዙዎቹ የምርጫ ክልሎች ደግሞ ወደ አንድ ፓርቲ ያደሉ ናቸው። እውነተኛው ፍልሚያ እዚያው ፓርቲ ውስጥ እጩውን ለመምረጥ በሚደረገው ፕራይመሪ ላይ ያልቃል ማለት ነው። ስለዚህ ፖለቲከኛ መሆን የሚፈልግ ሰው ዓይኑን የሚተክለው ማን ጡረታ ወጣ፣ ማን ወደ ኮንግረስ ሄደ፣ የምርጫ ክልሉ ድንበር የት ተቀየረ በሚለው ላይ ነው።

ጂሚ ካርተርን እንውሰድ። በ1962 ፍርድ ቤት የጆርጂያ ስቴትን የድሮ የምርጫ ክልል አከፋፈል አፈረሰው፤ የሴኔቱ ክልሎችም እንደ አዲስ ተሠሩ። ክፍት ወንበር ተገኘ። ኦቾሎኒ ነጋዴው ካርተር 38 ዓመት በሞላቸው ቀን እጩ መሆናቸውን አሳወቁ፤ ምርጫው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ገደማ ነበር የቀረው። በድምፅ ቆጠራው ተሸነፉ። ነገሩ ግን ሸተታቸው። ኩዊትማን በተባለች ትንሽ ካውንቲ (ካውንቲ የስቴት ንዑስ አስተዳደር ነው) የአካባቢው የፓርቲ አለቃ ሰዉን ፊት ለፊቱ ያስመርጥ ነበር። መዝገቡ ሲታይ የሞቱ ሰዎችና እስረኞች ሁሉ "መርጠዋል"፤ ያውም በፊደል ተራ ተሰልፈው! ካርተር ተከራክረው ወንበሩን አስመለሱ። ጥር 1963 ሴኔቱ ገቡ። ድምፅ የምሰጥበትን ረቂቅ ሁሉ አነባለሁ ብለው ቃል ገብተው ነበርና፣ ቃላቸውን ለመጠበቅ የፈጣን ንባብ ትምህርት ወሰዱ። በ1966 የስቴቱ ዋና አስተዳዳሪ ለሆነው ለገዥነት ተወዳድረው ወደቁ፣ በ1970 አሸነፉ፣ በ1976 ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ።

የባራክ ኦባማ አገባብ ደግሞ ሌላ ነው። የኢሊኖይ ስቴት ሴናተር አሊስ ፓልመር ለኮንግረስ ለመወዳደር ወንበራቸውን ተዉት። ኦባማ ቀረቡ። ፓልመር የኮንግረሱ ምርጫ ሲከሽፍባቸው "ወንበሬን መልሱልኝ" አሉ። ኦባማ እምቢ አሉ። ቡድናቸው ተፎካካሪዎቹ ያሰባሰቡትን የድጋፍ ፊርማ አንድ በአንድ ፈተሸ። የሚጎድል ተገኘ። ፓልመርም ሌሎቹም ከፕራይመሪው ወጡ፣ ኦባማ ብቻቸውን ቀሩ። ሕጋዊ ነው፤ ጨዋ ነው ወይ የሚለው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ባለወንበሩን ፊት ለፊት የሚገጥሙም አሉ። በ2016 ኢልሃን ኦማር ሚኒሶታ ውስጥ 44 ዓመት የቆዩትን ፊሊስ ካንን በፕራይመሪ አሸነፉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለኮንግረስ ተመረጡ። ካምፓላ የተወለዱት ዞህራን ማምዳኒ በ2020 የኒውዮርክ ከተማ ክፍል በሆነው ኩዊንስ የነበሩትን የኒውዮርክ አሴምብሊ (የታችኛው ምክር ቤት) አባል አሸንፈው ገቡ፤ በ2025 የኒውዮርክ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። የኛም ሰው ሞክሯል። በ2018 አሌክሳንደር አሰፋ የኔቫዳ አሴምብሊ አባል ሆነው ተመርጠው ነበር። ከመኖሪያ አድራሻቸውና ከምርጫ ገንዘብ ጋር በተያያዘ ምርመራ ላይ ሳሉ ግን በጥር 2021 ለቀቁ። በዚህ ሥራ አድራሻ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙ ቦታ ተመራጩ የሚወክለው ክልል ውስጥ መኖር አለበት።

ከገቡ በኋላስ? አዲስ አባል የመጀመሪያ ዓመት ብዙ ኃይል የለውም። ኃይል ያለው ኮሚቴ ውስጥ ነው። አብዛኛው ረቂቅ ሕግ ድምፅ ሳይሰጥበት እዚያው ይሞታል። የትኛው ረቂቅ ይታይ፣ የትኛው መሳቢያ ውስጥ ይቅር የሚለው ብዙ ቦታ የኮሚቴ ሰብሳቢው ጉዳይ ነው። ከዚያ በላይ አፈ ጉባኤው አለ። የኢሊኖዩ ማይክል ማዲጋን ከ1983 እስከ 2021፣ ሁለት ዓመት ብቻ ተቋርጦ፣ አፈ ጉባኤ ነበሩ። ገዥ ይመጣል፣ ገዥ ይሄዳል፣ ማዲጋን አሉ። በመጨረሻ በሙስና ጥፋተኛ ተብለው በ2025 የሰባት ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደባቸው።

አንድ ሕግ እንዴት እንደሚወለድ ማየት የፈለገ የሚኒሶታን የኡበር ጉዳይ ይይ። በስልክ መተግበሪያ የሚጠሩት የኡበርና የሊፍት መኪኖች ሹፌሮች፣ ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ፣ ዝቅተኛው ክፍያ በሕግ ይወሰንልን አሉ። የስቴቱ ሴናተር ኦማር ፋቴህ ጉዳዩን ያዙት። ረቂቁ በ2023 ሁለቱንም ምክር ቤት አለፈ። ገዥው ቲም ዋልዝ ግን ውድቅ አደረጉት፤ ሥልጣን ከያዙ የመጀመሪያ ቬቷቸው ነበር። በማግስቱ ዓመት በዚያው ስቴት ያለችው የሚኒያፖሊስ ከተማ ምክር ቤት የራሱን ደንብ አወጣ። ኩባንያዎቹ "ጥለን እንወጣለን" ብለው አስፈራሩ። ጉዳዩ ዞሮ ስቴቱ ጋ መጣ። በሜይ 2024 የስብሰባው ጊዜ ሊያበቃ ሲል ስምምነት ተደረሰ። ረቂቁ ከሌላ ጉዳይ ሁሉ ጋር 1,400 ገጽ ገደማ በሆነ አንድ ጥቅል ውስጥ ታጭቆ አለፈ። ሁሉም አባል አንብቦታል ብዬ አልምልም። ሹፌሩ ተሳፋሪ ጭኖ ሲሄድ በማይል 1 ዶላር ከ28 ሳንቲም፣ በደቂቃ 31 ሳንቲም ተወሰነለት። ከተማዋ ካወጣችው ያነሰ ነው፣ ግን ለመላው ስቴት ነው።

መውጫውም እንደ ስቴቱ ይለያያል። የዊስከንሰኑ ፍሬድ ሪሰር ከ1957 እስከ 2021 ምክር ቤት ውስጥ ነበሩ፤ 64 ዓመት መሆኑ ነው። 16 ስቴቶች ግን የዘመን ገደብ አላቸው። ካሊፎርኒያ በ1990 በሕዝበ ውሳኔ የአሴምብሊ አባልን በስድስት ዓመት፣ ሴናተርን በስምንት ዓመት ወሰነች። ብዙዎች ያኔ ያነጣጠሩት ከ1980 ጀምሮ አፈ ጉባኤ በነበሩት በዊሊ ብራውን ላይ ነው ይላሉ። ብራውን ሲወጡ የሳን ፍራንሲስኮ ከንቲባ ሆኑ። በ2012 ሕጉ ተሻሽሎ በጠቅላላው 12 ዓመት ሆነ፤ በአንዱም ምክር ቤት ቢሆን በሁለቱም ተደምሮ።

ገደቡን የሚደግፉት አዲስ ደም ይገባል ይላሉ። ይገባል። ግን የበጀቱን ውስብስብ ነገር ለማወቅ ዓመታት ይፈጃል፤ አባሉ ገና ሲገባው ይወጣል። ገደብ የሌለባቸው ሎቢስቶች (ሕግ አውጪውን ለማግባባት የሚከፈላቸው ሰዎች) እዚያው ናቸው። አባሉም ከገባበት ቀን ጀምሮ ቀጥሎ የት እሄዳለሁ ብሎ ማሰቡ አይቀርም። የካሊፎርኒያዋ ካረን ባስ ከአሴምብሊ አፈ ጉባኤነት ወደ ኮንግረስ፣ ከዚያ ወደ ሎስ አንጀለስ ከንቲባነት ሄደዋል። ሆሊ ሚቸል ደግሞ በሴኔቱ የበጀት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ፤ በ2020 ለሎስ አንጀለስ ካውንቲ ቦርድ ተወዳደሩ። የተፎካከሯቸው ኸርብ ዌሰን የቀድሞ የአሴምብሊ አፈ ጉባኤ ናቸው። ከስቴት ወደ ካውንቲ ሲባል ወደ ታች መውረድ ይመስላል። ቦርዱ ግን አምስት ሰው ብቻ ነው፤ የሚያስተዳድረው ደግሞ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ።